ስለ ወረዳ ዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤቶች መደራጀት

የአንድ አገር ፍርድ ምን ያህል የቀና እንደ ሆነ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ሊመለከተው የሚገባው በዋናው ከተማ የተሠራውን ታላቁን የፍርድ አዳራሽ አይደለም። ከዋናው ከተማ ርቆ በወረዳው ገበያ አጠገብ የሚገኘውን ትንሹን መሥሪያ ቤት ነው እንጂ። ከብቱ የተሰረቀበት ገበሬ፥ ደመወዙን የተከለከለ ሠራተኛ፥ ልጇ የተደበደበባት እናት አስቀድመው የሚደርሱት ከዚያ ነውና። በዚያ የተቀመጠው ዐቃቤ ሕግ አቤቱታውን ተቀብሎ ቢመረምር ሰውዬው ሕግ አለ ብሎ ይመለሳል፤ ፊቱን ቢያዞርበት ግን በዋናው ከተማ የተጻፈው አዋጅ ሁሉ ለዚያ ሰው እንዳልተጻፈ ይቈጠራል። አበው «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ማለታቸው ስለዚህ ነው፤ ሰው የሚያዝነው በጠፋው ንብረት ብዛት ሳይሆን ፍርድ በማጣቱ ነው።

ስለዚህም ብዙ መንግሥታት ፍርዳቸውን ለማቃናት ባሰቡ ጊዜ የወረዳውን የዐቃቤ ሕግ ሥራ እንደ ገና ለማደራጀት ይነሣሉ። አንዳንዶቹ ትንንሾቹን መሥሪያ ቤቶች ይደባልቃሉ፤ አንዳንዶቹ ስሙን ይለውጣሉ፤ አንዳንዶቹም የሹማምንቱን ቍጥር ቀንሰው የቀሩትን በፈተና ይመርጣሉ። ነገር ግን ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም የተባለው ምሳሌ በዚህም ሥራ ላይ ይደርሳል። ከእነዚህ ለውጦች የትኛው የጉልቻ መለዋወጥ ብቻ እንደ ሆነ፥ የትኛውስ ወጡን በእውነት እንደሚያጣፍጥ ለይቶ ለማወቅ ይህን ሥራ የሞከረን አገር መመልከት ይጠቅማል። በዚህ ረገድ የዩክሬንን ያህል ትምህርት የሚሰጥ ጥቂት ነው፤ ያ አገር የወረዳ ዐቃብያነ ሕጉን ሥራ በስድስት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ አፍርሶ ሁለት ጊዜ ሠርቷልና። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የነገሩ ሥር የቈየ ነው። የመስኮብ ንጉሠ ነገሥት ታላቁ ጴጥሮስ በ1722 ዓ.ም ፕሮኩራቱራ የተባለውን የዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤት ባቆሙ ጊዜ የመጀመሪያውን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ፓቬል ያጉዥንስኪን ሾሙ። የዚህም ሹም ዋና ሥራው በወንጀለኛ ላይ መክሰስ አልነበረም። በመሥሪያ ቤቱ ሁሉ እየገባ ሹማምንቱ ትእዛዝ ማክበራቸውንና አለማክበራቸውን ለዙፋኑ መንገር ነበር፤ ስለዚህም የንጉሡ ዓይን ተባለ። በ1864 ዓ.ም ዳግማዊ እስክንድር የፍርድን ሥራ ባሻሻሉ ጊዜ የዐቃቤ ሕጉን ሥልጣን ወደ ፍርድ ቤቱ ሥራ አጠጋጉት። በ1917 ዓ.ም የተነሣው የቦልሼቪክ መንግሥት መሥሪያ ቤቱን አፈረሰው፤ ነገር ግን በ1922 ዓ.ም መልሶ አቆመው፤ በዩክሬንም በዚያው ዓመት ተቋቋመ። ዓይንነቱም ተመለሰለት፤ ለውጡ ዓይኑ ከእንግዲህ ወዲህ ለንጉሥ መሆኑ ቀርቶ ለገዢው ፓርቲ መሆኑ ብቻ ነው።

የሶቪዬቱ ዐቃቤ ሕግ ሥልጣን ሦስት ነገሮችን በአንድ እጅ የያዘ ነበር። ወንጀልን ይመረምራል፤ በፍርድ ቤት ይከሳል፤ ከዚህም በላይ ጠቅላላ ቍጥጥር በሚባለው ሥልጣን ወደ ማናቸውም መሥሪያ ቤት፥ ፋብሪካና እርሻ ገብቶ ሰነድ ያስቀርባል፤ ሕግ ተጥሷል ብሎ የጻፈውንም የመሥሪያ ቤቱ ሹም መመለስ ግዴታው ነው። የወረዳው ዐቃቤ ሕግ ለጠቅላይ ግዛቱ፥ የጠቅላይ ግዛቱም ለዋናው ከተማ ይታዘዛል፤ የበላዩ የተናገረውን የበታቹ አይመልስም። መርማሪውና ከሳሹ፥ ሕግ ተከበረ ብሎ የሚመሰክረውም አንድ መሥሪያ ቤት ስለ ሆነ በፍርድ ቤት ቀርቦ ነጻ የሚወጣ ተከሳሽ እጅግ ጥቂት ነበር። ነጻ መልቀቅ የዐቃቤ ሕጉን ስሕተት መግለጥ ነበርና ዳኛው ይፈራል።

ዩክሬን በ1991 ዓ.ም ራሷን ከቻለች በኋላ በዚያው ዓመት የዐቃቤ ሕግ አዋጅ አወጣች፤ ነገር ግን አዋጁ የቀድሞውን ሥልጣን አብዛኛውን እንደ ነበረ አስቀረው። በ1995 ዓ.ም የአውሮፓ ምክር ቤት አባል ለመሆን በገባች ጊዜ የዚህን መሥሪያ ቤት ሥልጣንና ሥራ ለመለወጥ ቃል ገብታ ነበር። በ1996 ዓ.ም የጸናው ሕገ መንግሥትም ጠቅላላ ቍጥጥሩ አዲስ ሕግ እስኪወጣ ድረስ ለጊዜው ብቻ እንዲቈይ ወሰነ። ያም ለጊዜው የተባለው ነገር ዐሥራ ስምንት ዓመት ያህል ቈየ። ለጊዜው ተብሎ የተተወ ሥልጣን በራሱ ፈቃድ እንደማይለቅ ከዚህ ይታያል።

ሆኖም ጠቅላላ ቍጥጥሩ እንዳይቀር ይከራከሩ የነበሩት ሰዎች ቃላቸው ያለ ምክንያት እንዳልነበረ መዘንጋት አይገባም። በሩቅ መንደር የሚኖር ሠራተኛ ደመወዙ ሲቀርበት ለጠበቃ የሚከፍለው ገንዘብ የለውም፤ ለፍርድ ቤት የሚበቃ ክስ መጻፍም አያውቅም። ወደ ወረዳው ዐቃቤ ሕግ አንድ ወረቀት ቢጽፍ ግን ዐቃቤ ሕጉ ለአለቃው ደብዳቤ ይልክለታል፤ አለቃውም ፈርቶ ይከፍላል። ለድኻ ያለ ወጪ የተከፈተ በር ይህ ነበር። ታዲያ ያንኑ በር ሌላው ሰው ከውስጥ ሲመለከተው መልኩ ይለወጣል። ያው ደብዳቤ በሌላው ቀን ወደ ነጋዴው ሱቅ ሄዶ ሰነድ አምጣ ይላል፤ ነጋዴውም በደሉ ምን እንደ ሆነ ሳያውቅ መታረቂያ ፍለጋ ይሮጣል። ድኻውን የሚያድነው ሥልጣንና ሰላማዊውን የሚያስጨንቀው ሥልጣን አንድ ሆኖ፥ የትኛውን እንደሚሠራ የሚወስነው የሹሙ ጠባይ ብቻ ከሆነ፥ ይህ ሕግ ሳይሆን ዕድል ነው።

በመጨረሻም በ2013 እና በ2014 ዓ.ም መካከል በኪዬቭ ከተማ ከተነሣው የሕዝብ እንቅስቃሴ በኋላ በጥቅምት ወር 2014 ዓ.ም አዲሱ የዐቃቤ ሕግ አዋጅ ወጣ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም በሥራ ላይ ሲውልም ጠቅላላ ቍጥጥሩን አስወገደ። ከዚህ ቀደም ብሎ በ2012 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ዐቃቤ ሕጉን የምርመራው መሪ አድርጎት ነበር። ይህም ማለት መርማሪው ማስረጃ ይሰበስባል፤ ዐቃቤ ሕጉ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ምርመራው በሕግ መንገድ መሄዱን ይጠብቃል፤ ክሱንም እርሱ ራሱ እስከ ፍርድ ድረስ ያደርሰዋል ማለት ነው። በ2016 ዓ.ም የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ይህንኑ አጸናው፤ የዐቃቤ ሕግ ሥራ መክሰስ፥ ምርመራን መምራት፥ እንዲሁም ሕግ በወሰነው ልዩ ምክንያት ብቻ ስለ መንግሥት ጥቅም በፍርድ ቤት መቆም እንደ ሆነ ተጻፈ። ለድኻው የተዘጋበትን በር ለመተካትም መንግሥት ያለ ዋጋ የሚሰጠውን የሕግ ርዳታ ከ2013 ዓ.ም ጀምሮ በየአገሩ እያስፋፋ ጠበቃ እንዲያገኝ አደረገ። ሥልጣንን ከአንዱ እጅ ሲወስዱ በዚያ ሥልጣን ይጠቀም ለነበረው ድኻ ሌላ መንገድ ማዘጋጀት እንደሚያስፈልግ አዋጅ አውጪዎቹ ተገንዝበው ነበር።

ከሥልጣኑ በኋላ ወደ መሥሪያ ቤቶቹ ተሄደ። በዚያን ጊዜ በከተማና በወረዳ 638 የዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤቶች ነበሩ። እነዚህ ሁሉ ቀርተው ከታኅሣሥ 15 ቀን 2015 ዓ.ም ጀምሮ የአካባቢ ዐቃቤ ሕግ የተባሉ 178 መሥሪያ ቤቶች ተተኩ። የዐቃብያነ ሕጉም ቍጥር ከ15,000 እንዳይበልጥ፥ በኋላም ወደ 10,000 እንዲወርድ አዋጁ ወሰነ። ለዚህም የቀረበው ምክንያት በቂ ነበር። በየትንሹ ወረዳ የሚቀመጠው ዐቃቤ ሕግ ከወረዳው ገዥ፥ ከፖሊሱ አለቃና ከዳኛው ጋራ ዘወትር አብሮ የሚኖር፥ በአንድ ማዕድ የሚበላ፥ ልጅ የሚጋባም ስለ ሆነ በባልንጀራው ላይ ለመክሰስ እጁ አይነሣም። ደግሞም በሁለትና በሦስት ሰው የቆመ መሥሪያ ቤት የተወሳሰበ ወንጀል ሲመጣበት የሚያስተናግድበት ዕውቀት የለውም። ብዙ ወረዳዎችን በአንድነት የሚይዝ ሰፊ መሥሪያ ቤት ግን ከአንዱ ወረዳ ገዥ ተጽዕኖ ይርቃል፤ ሥራውንም በየዕውቀቱ ለመከፋፈል ይችላል።

ሰዎቹን መምረጥ ግን መሥሪያ ቤቶቹን ከመቍጠር ይልቅ ከበደ። ሥራውን እንዲመሩ ከጆርጂያ የመጡት ዳቪድ ሳክቫሬሊድዜ ምክትል ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሆነው በ2015 ዓ.ም ተሾሙ። በአካባቢው መሥሪያ ቤት ለመቅረት የሚፈልግ ዐቃቤ ሕግ ሁሉ የሕግ ዕውቀቱንና የማስተዋል ችሎታውን በፈተና እንዲያሳይ ተደረገ። የመሥሪያ ቤቱ አለቅነትም ከዚያ በፊት በዐቃቤ ሕግነት ላልሠሩ የሕግ አዋቂዎች ጭምር በውድድር ተከፈተ። የሕዝቡ ተስፋ በዚህ ላይ ነበር። ውጤቱ ሲታይ ግን ከተመረጡት አለቆች ሁሉም ለማለት ያህል ከቀድሞው መሥሪያ ቤት የወጡ ሆኑ፤ ብዙዎቹም የቀድሞዎቹ አለቆችና ምክትሎች ራሳቸው ነበሩ። በጽሑፍ የሚደረገው ፈተና ለሁሉ እኩል ቢሆንም ከእርሱ በኋላ የሚከተለው የቃል ምርመራና ምርጫ በቀድሞዎቹ ሰዎች እጅ ስለ ነበረ በሩ ከውጭ ተከፍቶ ከውስጥ ተዘጋ ማለት ይቻላል።

ከዚህም በላይ ሥራውን የጀመሩት አልጨረሱትም። ሳክቫሬሊድዜ በመጋቢት 2016 ዓ.ም ከሥራቸው ተሻሩ፤ በዚያው ቀን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ቪክቶር ሾኪን ደግሞ በምክር ቤቱ ድምፅ ወረዱ። የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ስድስት ዓመት እንዲሠራ ይፈቅዳል፤ ከዚያ ወዲህ እስከ 2024 ዓ.ም ድረስ ከተሾሙት ግን አንድም ዘመኑን የፈጸመ የለም። የወረዳው ዐቃቤ ሕግ በዋናው ከተማ አለቃው በየሁለት ዓመቱ ሲለወጥ እያየ፥ ሕግን ከመከተል ይልቅ ነገ ማን እንደሚመጣ መጠባበቅን ይማራል። እንግዲህ የታችኛውን ቤት ለማደስ የሚነሣ መንግሥት የላይኛውን ምሰሶ ካላጸና ድካሙ ከንቱ ይሆናል።

ሁለተኛው ሙከራ በመስከረም 2019 ዓ.ም ተጀመረ። ሩስላን ሪያቦሻፕካ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በሆኑበት ጊዜ አዲስ አዋጅ ወጣና ዐቃብያነ ሕጉ ሁሉ እንደ ገና እንዲመረመሩ ታዘዘ። በዚህ ጊዜ ሥርዐቱ ከፊተኛው ይልቅ ጠነከረ። አስቀድሞ እመረመራለሁ ብሎ ማመልከቻ ያላቀረበ ሁሉ ይሰናበታል፤ ከዚያም የሕግ ዕውቀት ፈተና፥ የማስተዋል ችሎታ ፈተና፥ በመጨረሻም የቃል ምርመራ ይከተላል። በቃል ምርመራውም ሀብቱ ከደመወዙ ጋራ መመጣጠኑና ጠባዩ ይጠየቃል። መርማሪዎቹ ጉባኤዎችም በቀድሞዎቹ አለቆች ብቻ እንዳይያዙ ከውጭ የተመረጡ ሰዎች ገቡባቸው። አካሄዱም ከላይ ወደ ታች ሆነ፤ ዋናው መሥሪያ ቤት በጥር 2020 ዓ.ም፥ የጠቅላይ ግዛቶቹ በመስከረም 2020 ዓ.ም፥ የአውራጃ ዐቃቤ ሕግ የተባሉት የታችኞቹ መሥሪያ ቤቶች ደግሞ በመጋቢት 15 ቀን 2021 ዓ.ም ሥራቸውን ጀመሩ። በዋናው መሥሪያ ቤት ከነበሩት ዐቃብያነ ሕግ ከእኩሌታ የሚበልጡት ወደ አዲሱ መሥሪያ ቤት ሳይሻገሩ ቀሩ። ትልቁን አስቀድሞ መመርመሩ ትክክል ነበር፤ ትንሹ ሹም ታላቁ ሳይጠየቅ እርሱ ብቻ ሲጠየቅ ምርመራውን እንደ ቅጣት ይቈጥረዋልና።

ነገር ግን ይህም ሙከራ ያለ ዕዳ አላለፈም። ሪያቦሻፕካ ሥራው ወደ ታች ሳይደርስ በመጋቢት 2020 ዓ.ም በምክር ቤቱ ድምፅ ወረዱ፤ ወደ አውራጃዎቹ ያደረሱት ተተኪያቸው ኢሪና ቬኔዲክቶቫ ናቸው። በፈተናው ከወደቁትም ብዙዎቹ ያለ በቂ ምክንያት ተሰናበትን ብለው መንግሥትን ከሰሱ። ጉባኤዎቹ ለምን እንደ ጣሏቸው በሚገባ ስላልጻፉ ፍርድ ቤቶች ከእነርሱ መካከል ወደ ሥራቸው የመለሷቸው አሉ፤ መንግሥትም የቀረባቸውን ደመወዝ ለመክፈል ተገደደ። ሕግ አስከባሪውን ሕግን ባልጠበቀ መንገድ ማባረር የመሥሪያ ቤቱን ስም እንደማያድስ፥ ይልቁንም የተባረረውን እንደ ተበደለ ሰው አክብሮ እንደሚመልሰው ከዚህ መማር ይገባል። ብቁ ያልሆነውን ሰው ማሰናበት የሚቻለው ምክንያቱን በጽሑፍ አስፍሮ፥ መልስ የመስጠት ዕድልም ሰጥቶ ነው።

በዚህ መካከል የአገሩ የግዛት አከፋፈል ራሱ ተለወጠ። በሐምሌ 2020 ዓ.ም የዩክሬን ምክር ቤት 490 የነበሩትን ወረዳዎች ወደ 136 አወረዳቸው። የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤቶች ግን እንደ ቀድሞው ከ600 በላይ ሆነው በየቦታቸው ቀሩ። ስለዚህም አንድ የዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤት ብዙ ፍርድ ቤቶችን ማዳረስ ሆነበት። ዐቃቤ ሕጉ ጠዋት በአንዱ ከተማ፥ ከቀትር በኋላ በሌላው ከተማ ለመቆም መንገድ ላይ ይውላል፤ እርሱ ባልደረሰ ጊዜ ነገሩ ይቀጠራል፤ ምስክሩም ሥራውን ፈትቶ ሁለተኛ ይመላለሳል። በአንዳንዱ ሩቅ ከተማ ቅርንጫፍ ክፍል በማስቀመጥ ይህን ችግር ለማቃለል ተሞክሯል። መሥሪያ ቤቶችን የሚያጥፍ መንግሥት የሚቈጥበውን ደመወዝና ኪራይ በመዝገቡ ይጽፋል፤ ባለ ጕዳዩ በመንገድ የሚያወጣው ገንዘብና ጊዜ ግን በማንም መዝገብ አይጻፍም። ቍጠባው እውነተኛ የሚሆነው ይህም ተቈጥሮ ሲገኝ ነው።

ሕዝቡ በእውነት የተጠቀመበት ለውጥ ታዲያ የትኛው ነው ቢባል፥ ብዙ ያልተነገረላቸው ሁለት ትንንሽ ደንቦች ይገኛሉ። አንደኛው የመዝገብ ደንብ ነው። በ2012 ዓ.ም በወጣው ሥነ ሥርዓት መሠረት የወንጀል አቤቱታ በቀረበ በ24 ሰዓት ውስጥ ለመላው አገር አንድ በሆነው መዝገብ መግባት አለበት። የወረዳው ሹም አቤቱታውን በመሳቢያው ውስጥ ቢያሳድረው አቤት ባዩ ወደ መርማሪ ዳኛ ሄዶ እንዲመዘገብለት ለማዘዝ ይችላል። ከዚህ በፊት ግን ነገሩ ወንጀል ነው ወይም አይደለም እያሉ ሳይመዘግቡ ማቈየት የተለመደ ነበር፤ ሳይመዘገብ የቀረ አቤቱታም እንዳልቀረበ ይቈጠራል። ሁለተኛው የትእዛዝ ደንብ ነው። በ2014 ዓ.ም አዋጅ መሠረት የበላይ ለበታች ዐቃቤ ሕግ የሚሰጠው ትእዛዝ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ በቃል የታዘዘም በጽሑፍ ይረጋገጥልኝ ለማለት ይችላል፤ ሕጋዊነቱ ያጠራጠረውን ትእዛዝ በጽሑፍ እስኪያገኝ ድረስ የመፈጸም ግዴታ የለበትም። በቃል ለማዘዝ የሚደፍር ሹም ስሙን አስፍሮ በወረቀት ለማዘዝ ያፍራል። ብዙ ቢሮ ከመገንባት ይልቅ እነዚህ ሁለት ደንቦች የወረዳውን ዐቃቤ ሕግ ጀርባ አጽንተዋል፤ የሚጸኑትም ሹሙ ሊጠቀምባቸው ሲደፍር ነው።

የአዲሶቹ መሥሪያ ቤቶች ጥንካሬ ገና በአንድ ዓመታቸው በከባድ ነገር ተፈተነ። በየካቲት 2022 ዓ.ም ሩሲያ በመላው ዩክሬን ላይ ጦርነት በከፈተች ጊዜ ከመሥሪያ ቤቶቹ አንዳንዶቹ መዝገባቸውን ይዘው ከተያዘው አገር ወጡ። የቀሩትም ከሌባና ከተደባዳቢ ጕዳይ ጋራ የፈረሱ ቤቶችንና የተገደሉ ሰላማዊ ሰዎችን ጕዳይ መመዝገብ ሥራቸው ሆነ። እስከ 2023 ዓ.ም ድረስ ከ100,000 በላይ የጦር ወንጀሎች ተመዘገቡ። ቦምብ ከወደቀበት ስፍራ አስቀድሞ ደርሶ ማስረጃውን ከፖሊስ ጋራ የሚለቅመው ብዙ ጊዜ የአውራጃው ዐቃቤ ሕግ ነው። ለዓለም ፍርድ ቤት የሚቀርብ ታላቅ ክስ ሳይቀር የሚጀምረው በታችኛው ሹም ብዕር ነው፤ እርሱ ቀኑን፥ ቦታውንና ምስክሩን በትክክል ካልጻፈ ከዓመታት በኋላ ታላቁ ዳኛ የሚፈርድበት ነገር አያገኝም።

ይህ ሁሉ ሥራ የተሠራ ቢሆንም በ2024 ዓ.ም በክሜልኒትስኪ ጠቅላይ ግዛት ብዙ ዐቃብያነ ሕግ በአካለ ስንኩልነት ስም የጡረታ ጥቅም እንደ ያዙ ተገለጠና አገሩ ታወከ። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ አንድሪ ኮስቲንም የነገሩን ክብደት ተመልክተው በጥቅምት ወር ሥራቸውን ለቀቁ። ፈተናን ያለፈ ሁሉ ፈተናውን ለዘለዓለም እንዳላለፈ ይህ ያስረዳል። አንድ ጊዜ በወንፊት የተነፋ እህልም በጐተራ ሳለ ነቀዝ ያገኘዋል። ስለዚህ ምርመራ በየዐሥር ዓመቱ የሚደረግ ዘመቻ ሳይሆን የዘወትር ሥራ መሆን ይገባዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚወሰደው ትምህርት በሦስት ይጠቃለላል። አንደኛ፥ የመሥሪያ ቤቱ ቍጥርና ስም ከመለወጡ በፊት ሥልጣኑ ምን ያህል መሆን እንደሚገባው መወሰን አለበት፤ ዩክሬን ያተረፈችው ትልቁ ትርፍ 638 ወደ 178 መውረዱ ሳይሆን ጠቅላላ ቍጥጥሩ መቅረቱ ነው። ሁለተኛ፥ መራጩ ሳይለወጥ የሚደረግ ምርጫ የቀድሞውን ሰው በአዲስ ወንበር ያስቀምጣል፤ የተጣለውም ሰው ምክንያቱ ካልተጻፈለት በፍርድ ይመለሳል። ሦስተኛ፥ ዐቃቤ ሕግ ከወረዳው ገዥ መራቁ መልካም ነው፤ ከወረዳው ድኻ መራቁ ግን ክፉ ነው። እነዚህን ሁለት ርቀቶች ለይቶ መለካት የአደራጁ ዋና ጥበብ ነው። ከገዥው ለመራቅ አለቅነቱንና ደመወዙን ከወረዳው እጅ ማውጣት ይበቃል፤ ቢሮውን ከገበያው አጠገብ አንሥቶ የሁለት ቀን መንገድ ማራቅ አያስፈልግም።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም። ዐቃቤ የሚለው የግዕዝ ቃል ጠባቂ ማለት እንደ ሆነ ካህናቱ ሁሉ ያውቁታል። በዘመናዊ ሕግም የዐቃቤ ሕግ ሥራ በ1942 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ቍጥር 29 ተደነገገ። በ1961 ዓ.ም የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ ፖሊስ የመረመረውን መዝገብ ዐቃቤ ሕግ ተቀብሎ እንዲከስ፥ ተጨማሪ ምርመራ እንዲያዝ፥ ወይም አልከስም ሲል ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲገልጥ ያዛል። በፌዴራሉ መንግሥት በ2016 ዓ.ም በአዋጅ ቍጥር 943 ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የተባለ መሥሪያ ቤት ተቋቁሞ ነበር፤ በ2021 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ግን ሥልጣኑ ወደ ፍትሕ ሚኒስቴር ተመልሷል። በክልሎችም የወረዳ ዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤቶች አሉ። ስሙና አደረጃጀቱ በተለወጠ ጊዜ ሁሉ የወረዳው ባለ ጕዳይ የሚጠይቀው ግን ያው አንድ ነገር ነው፤ አቤቱታዬ ተመዝግቧልን? አልከስም የተባልሁ እንደ ሆነስ ምክንያቱ በወረቀት ይሰጠኛልን?

እንግዲህ የታችኛውን የዐቃቤ ሕግ ሥራ ለማደራጀት የሚነሣ ማናቸውም ሹም የአዲሱን መሥሪያ ቤት ሥዕል በጠረጴዛው ላይ ከመዘርጋቱ አስቀድሞ ከወረዳው በአንዱ ተገኝቶ መዝገቡን ቢመረምር ይበጀዋል። ስንት አቤቱታ ገብቶ ስንቱ መልስ አገኘ? ስንቱ አቤት ባይ ስንት ጊዜ ተመላለሰ? ስንት ትእዛዝ በጽሑፍ፥ ስንቱስ በቃል ተላለፈ? እነዚህን ጥያቄዎች በቍጥር ሊመልስ የሚችል ሰው ምን መለወጥ እንደሚገባው ያውቃል፤ ሊመልስ የማይችል ግን ቤቱን ቢያፈርስና ቢሠራ የሚለውጠው ጉልቻውን ብቻ ነው። ዐቃቤ ሕግ ጠባቂ ተብሎ የተጠራ ነውና፥ የመሥሪያ ቤቱ መደራጀት የሚመዘነው በተጠባቂው ሰው ዘንድ በሚታየው ፍሬ ነው።